ለናይሮቢ ብርድ የምትሆን በለስ

ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው «ናይሮቢ ይበርዳል» ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ሐምሌ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሃርሊንግሃም አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና ሲፈላ ግን ይህን የሚደፍር አይጠፋም። ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ሲኒውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ዘንድሮስ ብርዱ አልቻልነውም!» ይላል። ከፊት ለፊቱ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ የተቀመጠው የደብረ ብርሃን ልጅ ይስቃል። «እናንተ ብርድ የት ታውቁና!» ይልና ከፍታ ወደ መቁጠር ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፣ ናይሮቢ ግን 1,800 እንኳ በቅጡ አትሞላም። ቁጥሩ ልክ ነው። ብርዱም ልክ ነው። ማሳዮች ቦታውን «ቀዝቃዛ ውኃ» ብለው የሰየሙት ሰው ለማስፈራራት አልነበረም።

እኔ በዚህ ክርክር ከጃኬት ለባሾቹ ወገን ነኝ። ነገሩ የከረረው ግን ባልኮኒዬ ላይ በለስ ላሳድግ መሆኔን የተናገርሁ ዕለት ነው። ሐበሻ ዛፍ ለመትከል ጊዜ ባይኖረውም ለዛፍ ምክር ጊዜ አያጣም፤ ሁሉም ውጭ አገር ዘመድ አለው፣ የሁሉም ዘመድ ደግሞ ጓሮ በለስ አለ።

በለስ ስል የቁልቋሉን ማለቴ አይደለም። አዳምና ሔዋን ቅጠሏን ሰፍተው ያገለደሟትን፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ መርገሟ የሚታሰበውን ማለቴ ነው። ለተከራይ የተፈጠረች ተክል ብትኖር እሷ ናት። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መሬት የለኝም፤ ያለኝ ቀለም ቀቢዎች ትተውት የሄዱት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ነው። በለስ ሰፊ መሬት ካገኘች ቅጠል ታንዠረግጋለች፤ ሥሯ ሲጠብባት ግን ወደ ፍሬው ታደላለች። እንግሊዞች ይህን ስለሚያውቁ ጉድጓዷን ዙሪያውን በድንጋይ ይከቡታል። እኔ በባልዲ። አከራይ ሲያስወጣኝ ተሸክሜያት እሄዳለሁ።

ጣጣው የትኛዋ በለስ የሚለው ነው፤ ዓይነቷ በመቶ ይቆጠራል።

ወንድማቸው ቺካጎ የሚኖር አንድ ጋሼ ቀድመው ተናገሩ። «ቺካጎ ሃርዲን ትከል፤ ሌላ ወሬ አትስማ።» ይህች በለስ ዘሯ ከሲሲሊ፣ ከኤትና ተራራ ግድም ነው ትባላለች። የቺካጎ ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ ግንዷ እስከ አፈሩ ድረስ ይሞታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ከሥሯ አዲስ ቀንበጥ ትልካለች፣ በዚያው ቀንበጥ ላይ በዚያው ዓመት ፍሬ ትይዛለች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እሳቸው ያሳደጓት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባች ይመስል ደረታቸው ተነፋ።

ብሩክሊን የኖሩት እትዬ አልተደነቁም። «እኛ ሰፈር የነበሩት ጣሊያኖች ይቀብሯት ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ክረምቱ ሳይገባ ቅርንጫፎቿን በገመድ አስረው፣ በአሮጌ ምንጣፍና በላስቲክ ጠቅልለው፣ አናቷ ላይ ባልዲ ይደፉባታል። የባሰባቸው ደግሞ ቦይ ቆፍረው፣ ዛፏን ከነግንዷ አጋድመው አፈር ያለብሷታል። «ፋሲካ ሲደርስ ቆፍረው ያስነሷታል» ሲሉ ከቡናው ዙሪያ ያማተበ ሰው ነበር።

ከቱርክ ዕቃ የሚያመላልሰው ወዳጃችን ግን ሁለቱንም ናቃቸው። በለስ በማምረት ዓለምን የምትመራው ቱርክ ናት፤ የቱርኩ ደረቅ በለስ ዝነኛ ስሙን ያገኘው ከኢዝሚር፣ ማለትም ራእየ ዮሐንስ ከሚጠራቸው ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ከነበረችባት ከሰምርኔስ ነው። «ሰምርኔስን የመሰለ የለም፤ የቀረው ቅጠል ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ሰምርኔስ ባለአመል ናት። ከዱር በለስ ብናኝ የምታመጣላት ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ካልገባችባት ፍሬዋን ሳታበስል ትጥላለች። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሰምርኔስን ቅርንጫፍ ወደ ካሊፎርኒያ አስመጥተው ተከሉ፤ ዛፉ አማረ፣ ፍሬው ግን ገና ጨቅላ ሳለ ይረግፋል። የአናቶሊያ ገበሬዎች የዱር በለስ ፍሬ በዛፎቻቸው ላይ እንደሚያንጠለጥሉ ሲነገራቸው «የባላገር አጉል እምነት» ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ተርቧ ራሷ መጥታ ፍሬስኖ ላይ ስትለምድ ፍሬው መርገፉን አቆመ። ባላገሩ ልክ ነበር።

ይህን ተርኬ ሳልጨርስ ቡና የምታፈላልን እህት ጀበናዋን ቁጢጥ አድርጋ «ታዲያ ጾም አያስገድፍም?» አለች።

ፍልሰታ እየመጣ ነበርና ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ተርቧ ገብታ እዚያው ትሞታለች፤ በለሱን የበላ ተርቧንም በላ ማለት ነው? አንዱ «በማያውቁት አይፈረድም» አለ። ሌላው «አሁን ዐወቅን እኮ!» አለ። ለማረጋጋት ያህል፣ ለቤት የሚተከሉት አብዛኞቹ ዓይነቶች ተርብ እንደማይሹና ያለ ማንም እርዳታ እንደሚያፈሩ ነገርኋቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ሰው «ሾላስ?» አለ። ሾላም የበለስ ዘር ነው፣ የራሱ ተርብ አለው፣ ያለ እሷ አይዋለድም። ሾላ ሥር ያደገ ልጅ ፍሬውን ሰንጥቆ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ነፍሳት «እፍ» ብሎ አራግፎ ሲበላ ነው የኖረው፤ በዐቢይ ጾምም፣ በሐዋርያትም። ዝም ዝም ሆነ። ከመካከላችን ሳቁን ያላቆመው የደብረ ብርሃን ልጅ ብቻ ነበር፤ ሾላ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ አይበቅልም።

እንግዲህ ስለ ብርዱ። የቺካጎውም የብሩክሊኑም ምክር የሚያድነው በብርድ ከምትሞት በለስ ነው። ናይሮቢ ላይ በለስ በብርድ አትሞትም። የሐምሌ ሌሊት 12 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከ10 ቢወርድ በማግስቱ የከተማው ወሬ እሱ ይሆናል። ውርጭ ያማረው ወደ ኪናንጎፕ ደጋ ይውጣ። የእኛ ብርድ ሌላ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ይደፈናል፣ ዝናብ የሌለው ክረምት ይሆናል። አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ሆኖም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ያን ሁሉ በደል ትክሳለች። ናይሮቢ ካሣ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ግራጫ፣ ቀትር ግራጫ፣ ማታ ጂኮ በሚሉት ምድጃ ላይ ከሰል። ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ ሰው ሁሉ በየቢሮው ካፖርት ለብሶ ኮምፒውተር ይመታል።

በለስ በዚህ ሰማይ ሥር ምን ትሆናለች? አውራ ጣት ታክላለች፤ ትቆማለች። አረንጓዴ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቅርንጫፏ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ እንደ ትናንቱ፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ቆርጬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ላብስላት ቢሉ አቮካዶ አይደለችም፤ ከዛፏ ከተለየች ማብሰል የሚባል ነገር የላትም። ያልበሰለችውን የቀመሰ ሰው ነጭ ወተቷ ከንፈሩን ይለበልበዋል። መብሰሏ የሚታወቀው አንገቷ ሲሰበር ነው፤ ድንገት ጎንበስ ትላለች፣ ትለሰልሳለች፣ ቆዳዋ በቀጫጭኑ ይተረተራል፣ ከታች ካለችው ዓይኗ ላይ አንዲት የማር ጠብታ ትወጣለች። ይህች ጠብታ ፀሐይ ናት የምታወጣት፤ በሐምሌ ናይሮቢ ፀሐይ የለም።

ስለዚህ ቺካጎ ሃርዲ መልካም ሴት ናት፤ ጀግንነቷ ግን እዚህ ሥራ የለውም። ናይሮቢ የምትፈልገው በረዶ የምትቋቋመውን አይደለም፣ በጥቂት ሙቀት የምትበስለውን ነው። ሲያትል ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት፤ የእነሱም ሰማይ የተደፈነ ነው። «ዴዘርት ኪንግ!» አለችኝ በስልክ። እዚያ አካባቢ በቀዝቃዛ በጋ ከሚበስሉት መካከል ስሟ የሚነሣ፣ አረንጓዴ ልጣጭ፣ ውስጧ እንጆሪ የመሰለ በለስ ናት። ሆኖም ያለ ተርብ የምታፈራው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ብቻ ነው፤ በአዲሱ ቀንበጥ ላይ የምትይዘው ተርብ ካላገኘ ይረግፋል። እኔ ደግሞ ባልዲ ላይ የሚያድግ ዛፍ ካልገረዝሁ ባልኮኒዬን ትወርሰኛለች። የገረዝሁ ዕለት ፍሬዋን አብሬ ጣልሁ። አይሆንም።

የሚሆነው ለንደን ላይ ተገኘ። ፀሐይ በሌላት በዚያች ከተማ፣ በላምቤዝ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከሚኖርበት ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አሮጌ በለስ አለ። ካርዲናል ሬጂናልድ ፖል በ16ኛው ክፍለ ዘመን አስመጥቶ የተከለው ነው ይባላል፤ ዓይነቱ ዋይት ማርሴይ ነው። ተርብ አይሻም። ልጣጩ ብስል ሲሆንም አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ለንደን ላይ ከበሰለ ናይሮቢን ምን አድርጌ ልፍራ?

ዓይነቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቦታም አለ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንዲት ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ በዚህ የተነሣ ፀሐይ ከመጋቢት እስከ መስከረም በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀዝቃዛው ወራት ያለችውን ጥቂት ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ሰሜን የሚያይ ባልኮኒ ነው፤ ጀርባው ነጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን ይመልስለታል። ቤት ስፈልግ ኤጀንቱን «ባልኮኒው ወደ ሰሜን ነው ወይ?» እያልሁ ባደርቀው ፊቱ በራ። መካ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ናት፤ ሰውየው ለሶላት መስሎት ቅርብ ያለውን መስጊድ ሳይቀር አሳየኝ። «ለበለስ ነው» ብለው ይባስ ግራ ይገባው ነበርና አመስግኜ ዝም አልሁ።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። በለስ በአዲሱ ቀንበጥ ላይ፣ በየቅጠሉ ብብት አንዳንድ ፍሬ ትይዛለች፤ ፍሬዋ ለመብሰል ሦስት አራት ወር ይፈጅባታል። በጳጉሜን ቅርንጫፏን ያሳጠረላት ሰው ፍሬው ለጥርና ለየካቲት፣ ናይሮቢ ደረቅና ሞቃት በምትሆንበት ጊዜ ይደርስለታል። ከሐምሌ ጋር ተጣልቶ ከማሸነፍ ሐምሌን ባዶ ቅርንጫፍ ማሳየት ይሻላል። ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ወተቷ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቆስላል።

መቀሱን አንሥቼ አሁን ባለችኝ በለስ ላይ ይህንኑ ልፈጽም ስል ነው አከራዬ የገቡት። ኪኩዩ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሾሾ» ነው የሚላቸው፣ አያቴ እንደ ማለት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊያዩ መጥተው ባልዲው ጋ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በለስ ነው፣ ሾሾ።»

«ሙጉሞ?»

«የሙጉሞ ዘመድ።»

«ታዲያ ዘመዱን ነው የምትቆርጠው?»

መቀሱን አስቀመጥሁ። ሙጉሞ፣ ትልቁ የዱር በለስ፣ ለኪኩዩ የአምላክ ዛፍ ነው፤ መሥዋዕት የሚቀርበው በሥሩ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የሕይወት ታሪኳን በጻፈችበት መጽሐፍ ላይ ከዚህ ዛፍ ማገዶ እንዳትለቅም እናቷ በልጅነቷ እንደነገረቻት ታወሳለች። ካደገች በኋላ ተመልሳ ስታይ ዛፉ ተቆርጦ ነበር፤ በአጠገቡ ይፈልቅ የነበረው ምንጭም ደርቋል። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለችው ዛፍ በማስተከሏ ነው። ቲካ ላይ ደግሞ ሙጎ ዋ ኪቢሮ የተባለው ነቢይ «ያ ሙጉሞ የወደቀ ዕለት እንግሊዝ ይሄዳል» ብሎ ስለነበር፣ እንግሊዞች ዛፉን በብረትና በኮንክሪት ደግፈውት ነበር ተብሎ ይተረካል። ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደቀ፤ ኬንያም በዚያው ዓመት ነፃ ወጣች። ይህም የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ለናይሮቢው ፈጣን መንገድ ሲባል ዌስትላንድስ፣ ዋያኪ ዌይ ዳር የቆመው የመቶ ዓመቱ በለስ ሊነቀል ሲል ሕዝቡ ጮኸ፤ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዛፉ እንዲጠበቅ ወሰኑ። የቻይና ኩባንያ ይሠራው የነበረውን መንገድ ያስቸገረ ዘር ባልዲ ውስጥም ቢሆን ይከበራል።

ከሾሾ ጋር ድርድር ገባን። መቁረጥ ለዛፏ ጤና እንደሆነ አስረዳሁ። አሰብ አድርገው ፈቀዱ፤ ግን በአንድ ቃል፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍ አይጣልም፣ ይተከላል። አሁን መስኮቴ ላይ፣ ማዕድ ቤት፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሁሉ በጠርሙስ ውስጥ ሥር የሚያወጡ የበለስ ቅርንጫፎች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ይፈልጋል።

እስካሁን የነገርኋችሁ ስለ ሰማይ ነው፤ ከሰማይ የሚመጡት ግን ብርድና ደመና ብቻ አይደሉም። ባልኮኒዬ ላይ ያለችው በለስ ንጎንግ ሮድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ወጣቶች የገዛኋት ናት። ስሟን ስጠይቅ «ፊግ፣ ካስተማ» ተብያለሁ፤ «የትኛዋ ፊግ?» ብል «ጣፋጯ» ተባልሁ። ስትበስል ወይን ጠጅ ትሆናለች። ይህ ቀለም ለናይሮቢ ወፎች የጥሪ ካርድ ነው። ቡናማ፣ ጉትያ ያላቸው፣ ጅራታቸው ከገላቸው የሚረዝም፣ እንግሊዝኛው «የአይጥ ወፍ» የሚላቸው ፍጥረቶች አሉ። ለብቻ መምጣት አያውቁም፤ ቤተሰብ ሰብስበው ይመጣሉ። ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለው፣ የማሯ ጠብታ በወጣችበት ጠዋት፣ እኔ ቡናዬን እስካፈላ ድረስ ልጣጩን ብቻ ትተውልኝ ይሄዳሉ። የሽንኩርት መረብ አለበስኋት፤ በመረቡ ቀዳዳ ምንቃራቸውን አስገብተው ይበላሉ። እንዲያውም መረቡ መቆሚያ ሆኗቸዋል።

ለዚህ ነው ፍርዴ አረንጓዴዋ ላይ የጸናው። ወይን ጠጇ በለስ መብሰሏን ለሰፈሩ ሁሉ ታውጃለች። አረንጓዴዋ ግን ብስል ሆናም ጥሬ ትመስላለች፤ ወፍ አይቷት ያልፋል፣ እኔ አንገቷን ዓይቼ ዐውቃለሁ። ያለ ተርብ የምታፈራ፣ ጾም የማታስገድፍ፣ በጥቂት ፀሐይ የምትበስል፣ ከወፍ የምትደበቅ፤ ዋይት ማርሴይን የሚያህል ለናይሮቢ አይገኝም። የቺካጎው ጋሼ ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ።

የቀረኝ እሷን ማግኘት ነው። እህቴ «ሻንጣ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ልላክልህ» ብላለች። እንዳትልኪ! የውጭ ቅርንጫፍ ወደ ኬንያ የሚገባው ከዕፀዋት ጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከኬፊስ በሚሰጥ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር በሚሰጥ የዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ነው፤ በርበሬ እንደምናመላልሰው አይደለም። ነገር ግን ይህን ከምታነቡት መካከል ናይሮቢ፣ ካረን ይሁን ሩንዳ፣ ግቢው ውስጥ ስትበስልም አረንጓዴ የምትሆን በለስ ያለችው ሰው ካለ፣ እርሳስ የምታህል አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ ይቁረጥልኝ። በምትኩ የእኔን ወይን ጠጅ ቅርንጫፍ የፈለገውን ያህል ይውሰድ፤ ሾሾ እንዳይጣል ብለዋልና ብዙ አለኝ።